ላህ ማዶ እስኪያልቅ

«አህያ የለኝም አልኩዎት እኮ!»

«ቅድም አህያ ጮኸች ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ጮኸች አልኩ እንጂ የኔ ናት አልኩ?»

«ታዲያ የማን ናት? የጎረቤት?»

«ጎረቤቴ ፋርማሲ ነው! ፋርማሲ አህያ ያረባል?»

«አይቆጡ አቶ እንዳለው። ግቢዎ ውስጥ ዛሬ አህያ ገብታ ነበር ወይ ነው የምልዎት።»

«ሰው ሞቶብኛል! መጋዘኔ ውስጥ ሰው ተገድሎ ተጋድሟል! ኮማንደሩ እጄን አይቶ ገዳዩ አንተ ነህ ይለኛል፣ እርስዎ ደግሞ መጥተው አህያ ይሉኛል። ኧረ የዘንድሮ ፖሊስ ምን ነካው?»

ኢንስፔክተር ህይወት ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀችና ተረከዟን ማሸት ጀመረች። ማንኩሳ የወሰን ጠብ ስትገላግል አድራ ገና ፍኖተ ሰላም መግባቷ ነበር። ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ስልኳ ጮኸ። እንቅልፍ ከናፈቃት ብዙ ጊዜዋ ነው፤ እንቅልፉ ግን እሷን ጭራሽ የረሳት ይመስላል።

እንዳለው መጋዘኑ ያለበት ሆቴል ባለቤት ነው። እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ። እስከ ክርኑ ደም በደም ነው።

«የበግ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማታው የአልበም ምርቃት በግ እያረድኩ ነበር። ቆዳው ጓሮ ተሰቅሏል፣ ሄደው ይዩት።»

«አይቼዋለሁ። በጉ የታረደው አንገቱን ነው። ስመኘው የተመታው ማጅራቱን ነው፣ ይህን ያህል ደምም አልፈሰሰውም። ይሂዱና ይታጠቡ፤ ዝንብ እየጠሩብኝ ነው።»

ሟቹ ስመኘው ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስመኘውን የማያውቅ የለም። ድሮ በጦር ሠራዊት ባንድ ትራምፔት ሲነፋ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ትራምፔቱን ታቅፎ አገሩ ገባ። በየከሰዓቱ በእንዳለው ሆቴል ጓሮ፣ እህል ባልገባበት መጋዘን ውስጥ ይለማመዳል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን የሰማ ሁሉ የእድር ጥሩምባ መስሎት «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን ዘቅዝቆ ይወጣ ነበር። «ማንም አልሞተም፣ ጃዝ ነው» ሲሏቸው፣ «ጃዝ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ብለው ያለቀሱ ሽማግሌ አሉ ይባላል።

ዘንድሮ እዚያው መጋዘን ውስጥ «ላህ ማዶ» የሚባል አልበም ቀረጸ። ከዚያ ወዲያ የሳቀበት ሁሉ አፉን ያዘ። ሬዲዮ አወራለት፣ ፌስቡክ ተቀባበለው። ከባሕር ዳር ክንፈሚካኤል የሚባል ትልቅ የሙዚቃ ሃያሲ «የዘመኑ ምርጥ ሥራ» ብሎ ጻፈለት፤ ምርቃቱ ላይ ሊገኝም ዛሬ እሑድ በአካል መጣ። ነገ ደግሞ ስመኘው ራሱ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ነበረው። ነገ የሚባል ነገር ለሱ ቢኖር ኖሮ።

አሁን በግንባሩ ተደፍቷል። ከአጠገቡ እህል የሚመዘንበት የሚዛን ድንጋይ ወድቋል፤ ድንጋይ ይበሉት እንጂ ብረት ነው። ነጭ በነጭ ለብሷል። ሱሪው ነጭ፣ እጀ ጠባቡ ነጭ፣ ነጠላው ገና ከሳጥን የወጣ። ትራምፔቱን በቀኝ እጁ ጨብጧል።

ህይወት ጓንት አጥልቃ ትራምፔቱን ከእጁ አላቀቀች። የውሃ ማውጫዋን ከፍታ አራገፈችው። ጠብ የሚል የለም።

«ባምላኩ፣ ይሄ ነገር ሲነፋ ውሃ ያጠራቅም አልነበር?»

«ኧረ ምራቅ ነው ኢንስፔክተር!» አለ ኮንስታብል ባምላኩ። «በሰልፍ ቀን ጋሽ ስመኘው አጠገብ ቆሜ ጫማዬን አበላሽተውብኛል።»

«ይሄኛው ደርቋል።»

«ሙቀቱ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለችና ተነሳች። ስልኳ ጠራ። ኮማንደሩ ነው። ሳይመሽ እንዳለውን እሰሪና ፋይሉን ዝጊ ይላል። ስመኘው «ከእንግዲህ መጠጥ ቤት አልነፋም» ብሎ ምርቃቱን ሊሰርዝ ሲል፣ ጠዋት ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷል። እጁ ላይ ደም አለ። ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

«እንቅልፍ» አለችውና ስልኩን ዘጋችው።

ሃያሲው ክንፈሚካኤል በረንዳው ላይ፣ ለብ ያለ ቢራ ፊት ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሟል። በረንዳውንና መጋዘኑን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ኪቦርድ ከሚጫወትለት ልጅ፣ ከአንዷለም ጋር እዚሁ ነበርን» አላት። «ከወንበራችን አልተነሳንም። ስመኘው መንፋት ሲጀምር ጨዋታችንን አቆምን። ሊሞት ትንሽ ሲቀረው እንዴት እንደነፋ ቢሰሙት!»

«ብቻውን ነው የነፋው?»

«ትራምፔት ብቻ። መብራት የለ፣ ኪቦርድ በምን ይሠራል? ነፋ፣ ነፋ፣ ሊያበቃ ሲል አንዲት አህያ አናፋችበት። ሳቅን። ‹አጃቢ አገኘ› አልኩ። ወዲያው ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንዳለው እየጮኸ መጣ።»

«ቴፕ ቢሆንስ የሰማችሁት?»

ክንፈሚካኤል እንደ ሕፃን አያት። «እህቴ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ጆሮ ነው። በሕይወት ያለ ትንፋሽና የታሸገ ትንፋሽ ለኔ ጠላና ውሃ ናቸው። በሕይወት የነበረ ሰው ነው የሰማነው።»

«የነፋው ከአልበሙ ነው?»

«መንፈሱ የአልበሙ ነው። ዜማው ግን በዚያች ሰዓት የፈለቀ ነው። ዳግም የማይገኝ።»

«ከአልበሙ የትኛውን ወደዱት?»

ሃያሲው ቢራውን አነሳ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። «አልበም እኮ አንድ አካል ነው። እጁን ከእግሩ ለይቶ ማወደስ ይከብዳል።»

ህይወት ራሷን ነቀነቀች። ፍርድ ቤት ስትመላለስ የዚህ ዓይነት ምስክር ብዙ አይታለች። ከአነጋገር ይፈረዳል።

አንዷለም ወጣት ነው፤ የቡሬ ልጅ፣ እዚያው ካምፓስ ተማሪ የነበረ። አልበሙ ላይ ኪቦርድ የተጫወተው እሱ፣ የቀረጸውም እሱ ነው። የበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ሾክ ነኝ ኢንስፔክተር። ጋሼ ስመኘው ለኔ አባት ማለት ነበር።»

«ዛሬ መጋዘን ገብተሃል?»

«ኧረ በጭራሽ! እንደመጣሁ ከጋሽ ክንፈሚካኤል ጋር ቁጭ አልኩ። ሲነፋ አብረን ነው የሰማን። ይጠይቋቸው።»

«እዚያ ውስጥ ካለው ዕቃ ያንተ የቱ ነው?»

«ኪቦርዱና ገመዱ። ሌላው የጋሼ ነው።»

«ጆንያዎቹ መሀል ያለችው ትንሿ ስፒከርስ?»

«የጋሼ ናት። በፍላሽ የድሮ ዘፈን ይሰማባታል። እኔ ነክቻት አላውቅም።»

«አልበሙ የተሰየመበትን ‹ላህ ማዶ›ን፣ ሦስተኛውን ዜማ፣ የደረስከው አንተ ነህ አሉ።»

«ሽፋኑ ላይ አለ እኮ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ ነው የመጣልኝ። በሱ የተነሳ ለትምህርት ውጭ አገር ተጠርቻለሁ።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው፤ የዛለ ድምፅዋ ደስታም ሐዘንም አልነበረው።

የስመኘው ሚስት ንግሥቴ ግቢው ዳር፣ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የታወቀች አልቃሽ ናት። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ለሰው ሙታን ሙሾ ስታወርድ የኖረች ሴት ለባሏ ድምፅ አጥታለች።

«እግዜር ያጥናዎት እትዬ ንግሥቴ።»

«አሜን። አንቺም ደክሞሻል ልጄ። አረፍ በይ።»

ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ህይወት አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ላህ ማዶ የኔ ነው» አለች ንግሥቴ ሳትጠየቅ። «ልጃችንን ተስፋውን ላህ ወንዝ ወሰደብን። ክረምት ነበር። የቀበርነው ዕለት ያወረድኩት ሙሾ ነው። ስመኘው ቃሉን ትቶ ዜማውን በትራምፔት ነፋው።»

«ታዲያ የአንዷለም ስም እንዴት ገባበት?»

«ፈራ። ‹የልጁን ሙሾ ሸጠ ይሉኛል› አለ። አንዷለም ‹በኔ ስም ይሁን› ቢለው እሺ አለ። እኔ አላወቅሁም። በሬዲዮ ‹የወጣቱ አንዷለም ድርሰት› ሲሉ የሰማሁ ቀን ልጄን ሁለተኛ ቀበርኩት።»

«ተጣላችሁ?»

«ጠብስ ደግ ነበር። ዝም ተባባልን። ዝምታው ሲከብደው ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደ። የልጁ ዜማ ለእናቱ ይመለስ አሉት። ነገ በሬዲዮ ሊናገር ቃል ገባና ዛሬ ጠዋት ሁለታችን ቆረብን።»

ህይወት ተረከዟን ማሸቷን አቆመች። «ማን ያውቃል መቁረባችሁን?»

«ማንም። ‹የመጠጥ ቤት ጥሩምባ ነፊ ቆረበ ብለው ይስቁብኛል› ብሎ አፈረ። ስንመለስ ተኛ አልኩት። ‹አንዷለም በሬዲዮ ከሚሰማው ፊት ለፊት ልንገረው፣ ቅርብ ነው› ብሎ ወጣ።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። «ይሄን ለኮማንደሩ ነገርኩት። ‹ልጁ በረንዳ ላይ ነበር› አለኝና ሄደ። እኔ እንግዲህ ምን እላለሁ? ባሌን ወሰዱት። ዜማዬም በሰው ስም እንደሄደ ቀረ።»

ህይወት ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። እንዳለው እጁን ታጥቦ ቆሟል።

«አቶ እንዳለው፣ አልበሙን ሰምተውታል?»

«እኔ? እኔ የምወድ ማሲንቆ ነው። ግን ጥሩ ነው ይላሉ።»

«አንተስ ባምላኩ?»

«ስልኬ ላይ አለ። ላይክ አድርጌዋለሁ።»

«ሰምተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ?»

«ላይክ አድርጌዋለሁ አልኩ እኮ ኢንስፔክተር።»

ስልኩን ተቀበለችውና በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አገር ሙሉ ያወደሰውን፣ ማንም ያልሰማውን አልበም ከመጀመሪያው ጀመረች። ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ባምላኩ የተኛች መስሎት ዝንብ እሽ ይልላት ነበር። ሦስተኛው ዜማ ሲያልቅ ዓይኗን ገለጠች። መልሳ ሰማችው።

«ሁሉንም መጋዘን አስገባቸው» አለች።

ሬሳው ተነስቷል። አራቱ ጆንያ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ንግሥቴ ዳር ላይ፣ ቀጥሎ እንዳለው፣ ሃያሲው ጆንያውን በመሐረብ ጠርጎ፣ አንዷለም በሩ አጠገብ። ህይወት ቆማ ለመናገር አቅም ስላጣች እሷም የሚዛኑ ጠፍጣፋ ላይ ተቀመጠች።

«ባጭሩ ልናገር፣ ደክሞኛል» አለች። «ኮማንደሩ አቶ እንዳለውን እሰሪ ብሎኛል። ነገሩ የቆመው በአንድ እግር ነው። ስመኘው ሲነፋ ተሰምቷል፣ ስለዚህ በሕይወት ነበር። ሲነፋ አንዷለምና አቶ ክንፈሚካኤል በረንዳ ላይ ነበሩ፣ ስለዚህ ንጹሕ ናቸው። ጓሮ የነበረው እንዳለው ብቻ ነው፣ ስለዚህ እሱ ገደለ። ልክ ነኝ?»

«እኔ አል...»

«ቆይ አቶ እንዳለው። ትራምፔቱን አራገፍኩት፣ ጠብታ የለውም። በደንብ የተነፋ ትራምፔት እንዲህ አይደርቅም። ይሁን፣ ሙቀቱ አደረቀው እንበል። ስመኘው ግን ዛሬ ጠዋት ቆርቧል።»

አንዷለም ቀና አለ። እንዳለው አማተበ።

«የቆረበ ሰው ውሎው እንዴት ነው አቶ እንዳለው?»

«እንዴት ይሆናል? አፉን በነጠላው ሸፍኖ ይውላል። ምራቁን አይተፋም፣ ወንዝ አይሻገርም፣ ሩቅ አይሄድም።»

«ምራቁን እንኳ የማይተፋ ሰው፣ ምራቅ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አፉ ላይ ደግኖ ይነፋል?»

«ወይ ጉድ! አይነፋም!» እንዳለው ጭኑን መታ። «ለካ ጠዋት ‹ዛሬስ ጨርሶ አይሆንም› ያለኝ ለዚህ ነው! እኔ ኩራት መስሎኝ ስሰድበው…»

«እንግዲህ በዚያ ሰዓት ስመኘው አልነፋም። ሌላ ነፊ በከተማው የለም። የሰማችሁት የተቀረጸ ነው።»

«አይቻልም!» አለ ክንፈሚካኤል ስካርፉን እያላላ። «እኔ ጆሮዬን…»

«ወደ ጆሮዎ እመጣለሁ። አህያዋ ናት ያስቸገረችኝ። አቶ እንዳለው አህያ የለኝም አሉ፣ ጎረቤታቸው ፋርማሲ ነው። የእህል ጫኝ አህዮች እዚህ የሚመጡ በገበያ ቀን ነው፤ ገበያው ትናንት ነበር። ዛሬ በዚህ ግቢ የገባ ነገር ቢኖር ያ በግ ነው፣ እሱም አያናፋም። ታዲያ ከየት ጮኸች?»

ብድግ ብላ ከጆንያዎቹ መሀል ትንሿን ስፒከር አነሳች። «አንዷለም፣ ነክቻት አላውቅም ነው ያልከኝ?»

«አዎ… የጋሼ ናት።»

ቁልፏን ተጫነችው። ስፒከሯ ‹ቱን› አለችና፣ በዚያች በታፈነች የሴት ድምፅ፣ «ኮኔክትድ» አለች። ምስጢር መጠበቅ የማትችል ዕቃ ናት፤ ስትነቃ መጨረሻ ያዘዛትን ጌታዋን ትፈልጋለች።

«ከማን ስልክ ጋር ይሆን የተገናኘችው?» አለች ህይወት። «የኔ ጠፍቷል። የአቶ ክንፈሚካኤል ባትሪው ካለቀ ቆየ። የአቶ እንዳለው በቁልፍ የሚሠራ ነው። ባምላኩ?»

«ብሉቱዜ ዝግ ነው!» ባምላኩ ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ አሳየ።

አንዷለም ወደ በሩ ተንደረደረ። ባምላኩ ቀድሞት በሩ ላይ ቆመ፤ አንዷለም ኪስ ውስጥ እጁን ሰደደና ስልኩን አውጥቶ ለኢንስፔክተሯ ሰጣት። መጨረሻ የተከፈተው ዜማ የስልኩ መስታወት ላይ ተቀምጧል። ተጫነችው።

ትራምፔቱ መጋዘኑን ሞላው። ንግሥቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ቃሉን እየተከተለ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ያለ ድምፅ። ዜማው ወንዙ ዳር ደረሰ፣ ተጣራ፣ መልስ አጣ፣ ዝቅ አለ። ሊያልቅ ሲል አንዲት አህያ አናፋች።

ማንም አልሳቀም።

«ሌሎቹ ዜማዎች ላይ ያንተ ኪቦርድ አለ» አለች ህይወት ቀስ ብላ። «አንተ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ኪቦርድህ ከውስጥ ቢሰማ ጉድ ይፈላ ነበር። ትራምፔት ብቻ ያለበት ይሄ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ከነአህያዋ ከፈትከው። ስመኘውን ከገደልከው በኋላ ትራምፔቱን አስጨበጥከው፣ ስፒከሯን ደበቅህ፣ ወጥተህ ከሃያሲው ጋር ቁጭ አልክና ከጠረጴዛ ሥር በስልክህ አዘዝካት። ቤተ ክርስቲያን ስለማትስም ነጭ መልበሱን አይተህ የምርቃት ልብስ መሰለህ።»

«ነገ እናገራለሁ አለኝ!» አለ አንዷለም። «ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እስክሄድ ብቻ ታገሠኝ አልኩት። ‹እሷን ስንት ጊዜ ላስለቅሳት?› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። እኔ ባልቀርጸው እኮ ሙሾ ሆኖ ይቀር ነበር!»

«ሙሾ ነው» አለች ንግሥቴ።

ባምላኩ ካቴናውን አጠለቀለት። እንዳለው በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ቀረ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ እንዳለው በሩ ላይ የደረሰውን አንዷለምን እያየ። «ሃያሲ የሚያህል ሰው አጠገብህ አስቀምጠህ፣ ዜማውን ቢያውቀውስ አላልክም?»

አንዷለም ደከም ያለ ሳቅ ሳቀ። «ጽሑፋቸውን አንብበዋል? ከሽፋኑ ጀርባ እኔ የጻፍኳትን ነው ቃል በቃል የገለበጡት። ሲዲው ዛሬም ቦርሳቸው ውስጥ ከነላስቲኩ ነው።»

ሁሉም ወደ ቦርሳው ዞሩ። ክንፈሚካኤል ቦርሳውን በእግሩ ወደ ጆንያው ሥር ገፋ አደረገው።

አንዷለምን ወሰዱት። ህይወት ጫማዋን ፈልጋ ማጥለቅ ጀመረች፤ እግሯ አብጦ አልገባ አላት። ንግሥቴ ስፒከሯን ከሚዛኑ ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት።

«የገበያ ቀን ነበር የቀረጹት» አለች ለማንም ሳይሆን። «አህያዋ ጭነቷን አራግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሲነፋ ዝም ብላ ሰማችው፣ ሊጨርስ ሲል ጮኸች። አንዷለም ‹እንቁረጠው› አለ። ስመኘው ‹ተዋት፣ እሷም አለቀሰች› አለው።»

ክንፈሚካኤል ጉሮሮውን ጠራረገ። ስካርፉን አስተካከለ፣ ብዕር አወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ቀረባት።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ስሕተት ተሠርቷል፣ አይካድም። እኔ ግን እክሳለሁ። እንደገና እጽፋለሁ፣ በስምዎ፣ በትልቁ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ይሄን ዜማ አንድ አዋቂ ሰው እንዴት አድርጎ ይግለጸው?»

ንግሥቴ ቀና ብላ አየችው።

«አህያዋን ጠይቃት፤ እሷ እስኪያልቅ ሰምታዋለች።»